ደሴ ላይ ውሃ ስትመርጡ፦ ቧንቧ፣ ሮቶ፣ ቦቴ ወይስ የጣሪያ ውሃ?

ደሴ ውስጥ የሚከራይ ቤት ስትፈልጉ ደላላውን «ውሃ አለ?» በሉት። «ውሃማ ችግር የለም!» ይላችኋል። ዋሸ አይባልም። ቧንቧው አለ፣ ቆጣሪውም በሩ ሥር ተቀምጧል። ያልነገራችሁ ሌላ ነው። ውሃው በስንት ቀን አንዴ ይመጣል? ሲመጣ ስንት ሰዓት ይቆያል? ከመጣስ እስከ ምን ከፍታ ይወጣል?

እኔ እነዚህን ሦስቱን ሳልጠይቅ ገንዘቤን አቃጥያለሁ። ቤት እንደሠራሁ ባለ 3,000 ሊትር ሮቶ ገዛሁ። በብረት ቆጥ አሠርቼ ከጣሪያው በላይ ሰቀልኩት። ሻጩም በያጁም «ትልቅ ይሻልሃል» አሉኝ፤ እኔም ትልቅ ወደድኩ። ውሃው ግን ወደ ላይ አልወጣም። ግቢው ውስጥ ባለው ቧንቧ እንደ ልቡ ይፈሳል፣ ሮቶው አፍ ጋ ሲደርስ ጸጥ። ሁለት ወር ሙሉ ባዶው ሮቶ ማታ ማታ በነፋስ ሲንኳኳ እያዳመጥኩ አደርኩ። በመጨረሻ ለማውረድ ደግሞ ሌላ ክፍያ።

ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጽፈው ከውድቀቴ ተነስቼ ነው። የቱ ምርጫ ይሻላል የሚለውን ከማንሳቴ በፊት ግን ውሃው እንዴት እንደሚደርሰን ትንሽ ልበል። ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው።

ውሃው ሰፈራችሁ እስኪደርስ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአንድ ወገን ጦሳ፣ በሌላው አዝዋ ገደል። መሃሏም ቢሆን ዳገትና ቁልቁለት ነው። የከተማዋ ውሃ የሚመጣው በዙሪያዋ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶችና ከምንጮች ነው። ከጉድጓድ የወጣው በፓምፕ እየተገፋ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወደተሠሩ ማጠራቀሚያዎች ይወጣል። ከዚያ በራሱ ክብደት እየወረደ በየሰፈሩ ይከፋፈላል።

ወደ ላይ መግፋቱ መብራት ይበላል። 1,000 ሊትር ውሃ 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ በስሌት 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ፓምፑና ሞተሩ የሚያባክኑት ሲጨመር ወደ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። ለአንድ ቤት ኢምንት ነው፤ ለከተማ ሲባዛ ግን ትልቅ ሂሳብ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃ ተከትሎ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ወዲያው አይጠፋም፤ ማጠራቀሚያው እስኪጎድል ይታገሣል፣ ከዚያ ይነጥፋል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ጀሪካን ይዞ ምንጭ ፍለጋ ለወጣ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

የሚመረተው ከሚፈለገው ሲያንስ ደግሞ ፈረቃ ይመጣል። ዛሬ ለእናንተ ሰፈር ቫልቩ ይከፈታል፣ ነገ ለሌላው። በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012) ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የተቀመጠው መለኪያ በሰው በቀን 80 ሊትር ነበር። ደሴ በ1999ኙ ቆጠራ ከ100,000 በላይ ስለነበረች እዚህ መደብ ውስጥ ትገባለች። አምስት ሰው ላለበት ቤት 400 ሊትር ማለት ነው። ይህ ወረቀት ላይ ነው። ጀሪካን ቆጥራችሁ የምትኖሩ ከሆነ የእናንተ ቁጥር ስንት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ቧንቧ ውሃ የሚባል ክፍለ ከተማ እንዳለን አትርሱ። እዚያ የሚኖር ወዳጄ «ስሙን ይዘን ጀሪካን እንሸከማለን» እያለ ይቀልዳል።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት

ሦስት ነገር አድርጉ። ወጪው አንድ ጎማ ነው።

ፈረቃችሁ በሚመጣበት ሌሊት ተነሱ። ውሃ በውስጡ ሲያልፍ የሚታይበት ጎማ ቧንቧው አፍ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩና ቧንቧውን ክፈቱት። ከዚያ የጎማውን ጫፍ ይዛችሁ መሰላል ውጡ። ውሃው መፍሰሱን ያቆመበት ቦታ የግፊታችሁ ጣሪያ ነው። 10 ሜትር ከወጣ ግፊቱ 1 ባር ነው፤ 4 ሜትር ላይ ከቆመ 0.4 ባር። በዳገት ሰፈር ከታች ያለው ጎረቤትና ከላይ ያለው ጎረቤት የ15 ሜትር ልዩነት ካላቸው፣ አንድ መስመር ላይ ሆነው እንኳ የ1.5 ባር ልዩነት አላቸው ማለት ነው። «እነሱ ጋ ፎቅ ላይ ይወጣል፣ እኛ ጋ ለምን?» ብሎ መናደድ ዋጋ የለውም። የሮቶው መግቢያ ውሃው ከቆመበት ቢያንስ 2 ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። አለዚያ ይንጠባጠባል እንጂ አይሞላም።

ሁለተኛ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅናችሁ ሰዓት ያዙ። በ4 ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 5 ሊትር ነው። ውሃው 6 ሰዓት ከቆየ የምታገኙት 1,800 ሊትር ብቻ ነው። ታዲያ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ምን ይሠራላችኋል? ትልቅ ሮቶ ውሃ አያመጣም። ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ አላጋጠመኝም።

ሦስተኛ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የመጣበትን ቀንና ሰዓት ካላንደር ላይ ጻፉ። ተከራይ ከሆናችሁና ጊዜ ከሌላችሁ ጎረቤት ሴቶችን ጠይቁ። አከራዩን አይደለም። ሌሊት ተነስተው የሚቀዱት እነሱ ናቸው።

የራስ ቆጣሪ ወይስ የግቢ የጋራ?

የራሳችሁን ቆጣሪ ማስገባት ከቻላችሁ አስገቡ። ክርክር የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከምትገዙት ውሃ ሁሉ በሊትር የሚረክሰው የቧንቧ ውሃ ነው፤ የተሻለ ክትትል የሚደረግበትና በክሎሪን የሚታከመውም እሱ ነው።

የጋራ ቆጣሪ አንድ የተደበቀ ወጪ አለው። የከተማ ውሃ ታሪፍ በአብዛኛው ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትር ኩቦች ርካሽ ናቸው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የቀጣዩ ሜትር ኩብ ዋጋ ከፍ ይላል። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቆጣሪው እንደ አንድ ትልቅ ሀብታም ቤት ይቆጥራችኋል። እያንዳንዳችሁ ድሃ ሆናችሁ በሀብታም ዋጋ ትከፍላላችሁ። አከራዩ በየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ቢያስገባ ጭቅጭቁን ይቀንሳል፤ ዋናውን ሂሳብ ግን አይቀንስም።

የራስ ቆጣሪ ሲኖራችሁ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ቧንቧ የእናንተ ነው። ቢፈስ እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት። ሁሉንም ቧንቧ ዝጉና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር እዩ። ከዞረች የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሽንት ቤት ነው። አንድ ወር የእኔ ቢል ሁለት እጥፍ ሆኖ መጣ። ቢሮ ሄጄ ለመጣላት ተዘጋጅቼ ነበር። ደግነቱ ከመውጣቴ በፊት የሽንት ቤቱን ጋን ከፈትኩ። ውሃው በትርፍ መውረጃው ዝም ብሎ ይሄድ ነበር።

አንድ ነገር ግን አለ። ፈረቃ ሲመለስ መጀመሪያ የሚገፋው አየር ነው፤ አየርም ቆጣሪ ያዞራል። ሲፏጭ የምትሰሙት እሱ ነው። የዋናውን መዝጊያ በአንዴ ሳይሆን ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። የመጀመሪያውን የደፈረሰ ውሃም ወደ ሮቶ አትልቀቁት። መስመሩ ባዶ ሆኖ ሲቆይ በየስንጥቁ ከውጭ ቆሻሻ ይስባል። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ባልዲ ደቅኑ፤ ያ ለሽንት ቤትና ለወለል ይሁን።

ሮቶው የት ይቀመጥ?

እዚህ ላይ አቋም አለኝ። ደሴ ላይ ለአብዛኛው ቤት የሚሻለው መሬት ላይ ትልቅ ሮቶ፣ ከላይ ትንሽ ሮቶ፣ በመሃላቸው ትንሽ ፓምፕ ነው። መሬት ላይ ያለው በደካማ ግፊት እንኳ ይሞላል። የላይኛው 500 ሊትር ከሆነ ይበቃል። ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ 370 ዋት ገደማ ነው፤ 500 ሊትሩን በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ያወጣዋል። የመብራቱ ወጪ የሚያስጨንቅ አይደለም። መብራት ከጠፋ ደግሞ መሬቱ ላይ ካለው ሮቶ በቀጥታ የምትቀዱበት ቧንቧ ይኑራችሁ። ብዙ ሰው ይህችን ቧንቧ ይረሳታል፣ ከዚያ በጨለማ ክዳን ከፍቶ በጆግ ይቀዳል።

ፓምፑን በቀጥታ መንገድ ላይ ካለው መስመር ጋር አታያይዙ። ሕገ ወጥ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ከዚያ በላይ መስመሩን ባዶ ታደርጉታላችሁ፤ የጎረቤትን ድርሻ ትወስዳላችሁ፣ በስንጥቅ ያለውን ፍሳሽም ወደ ራሳችሁ ትስባላችሁ። እያጠባችሁ ያላችሁት ምን እንደሆነ አታውቁም።

መጠኑን እንዲህ አስሉ። በሰው በቀን 50 ሊትር ያዙ። አምስት ሰው 250 ሊትር ነው። ውሃው በሦስት ቀን አንዴ ከመጣ 750፣ ስለዚህ ባለ 1,000 ሊትር ይበቃል። በሳምንት አንዴ ከሆነ 1,750፣ ስለዚህ ባለ 2,000። ከዚያ በላይ የምትገዙት የጀሪካኑ ሙከራ «ይሞላል» ካላችሁ ብቻ ነው።

ጣሪያ ላይ ብቻ መስቀል የሚያዋጣው በጎማው ሙከራ ውሃው ከሮቶው መግቢያ ቢያንስ 2 ሜትር በላይ ከወጣ ነው። እሱም ቢሆን 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን መሆኑን አትርሱ። አንድ መኪና ጣሪያችሁ ላይ ማቆም ማለት ነው። ለመደበኛ የጭቃና የእንጨት ቤት አይሞከርም። መሬት ላይም ቢሆን ሮቶ በየመካከሉ ክፍተት ባለው አጣና ላይ አይቀመጥም፤ ታችኛው ክፍል በሙሉ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ማረፍ አለበት። አለዚያ ከሥሩ ይሰነጠቃል።

የመሬት ውስጥ የኮንክሪት ጋን የሚወዱ አሉ። ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ግቢም አያጣብብም። እኔ ግን ዳገት ላይ ላለ ቤት አልመክርም። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያውቃት ከተማ ናት። ጋኑ ከተሰነጠቀ ውሃው ማንም ሳያይ ወደ መሠረታችሁ ሥር ይገባል። ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥም ይሰርጋል። ሮቶ ቢያፈስ ቢያንስ ታዩታላችሁ።

ተከራዮች፣ ሮቶ አትግዙ። ክዳን ያላቸው ሁለት ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜሎች ይበቃሉ። ቤት ስትቀይሩ አብረዋችሁ ይሄዳሉ፣ በበርም ያልፋሉ።

ቦኖ፣ ተሸካሚ፣ ቦቴ

ዋጋ ማወዳደር የሚያሳስታቸው ሰዎች አሉ፤ ጀሪካን በብር፣ ቦቴ በሺህ ይጠራልና። አንድ ማባዣ ያዙ፦ የአንዱን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዋጋ በ50 አባዙት። የሜትር ኩብ ዋጋ ይመጣል። ጀሪካኗ 5 ብር ብትሆን ሜትር ኩቡ 250 ብር ነው። ቦቴውን ደግሞ በሚጭነው ሜትር ኩብ አካፍሉት። ከዚያ ሁለቱን ከቧንቧ ቢላችሁ ጋር አስተያዩ። አንዳንዱ ሰው ያኔ ዝም ይላል።

ቦኖ ርካሽ ነው፤ ዋጋው ግን ብር ብቻ አይደለም። 20 ሊትር 20 ኪሎ ነው፣ ሰፈራችሁ ደግሞ ዳገት ነው። ያንን ማን ይሸከመዋል? ብዙውን ጊዜ እናት ወይም ከትምህርት ቤት የመጣች ልጅ። ይህን በሂሳቡ ውስጥ ካላስገባችሁት ቦኖ ሁልጊዜ አሸናፊ ይመስላል። በተሸካሚ ወይም በጋሪ ስታስመጡ ደግሞ የምትከፍሉት ለውሃው ሳይሆን ለመንገዱ ነው።

ቦቴ ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለግንባታ ጥሩ ነው። ለወር ኑሮ ግን ኪስ ያራቁታል። ካዘዛችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ከየት ነው የተሞላው? ታንኩ ከዚህ በፊት ምን ይጭን ነበር? ሾፌሩ መልስ ሲያጣ ውሃውን ለግንባታ አድርጉት። ለመጠጥ የምታስቡት ከሆነ መጀመሪያ በብርጭቆ ቀድታችሁ ሽታውን እዩ።

የጣሪያ ውሃ

ወሎ ላይ ይህን የናቅነው ይመስለኛል። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮው ሲንጎደጎድ ያንን ሁሉ ውሃ ወደ ቦይ እንልከዋለን። በማግስቱ ጀሪካን እንሰለፋለን።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር ይሆናል። በመርጨትና በመፍሰስ የሚጠፋውን ቀንሱ፣ 800 ሊትር በእጃችሁ ይገባል። ሁለት ሦስት ደህና ዝናብ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። የሚያስፈልጋችሁ አሸንዳና ወንፊት ነው። የበልጉንም ዝናብ አትናቁት።

መጀመሪያ የሚወርደውን ግን ድፉት። ለዚያው ጣሪያ ከአንድ እስከ ሁለት ጀሪካን ያህል፤ የበጋ አቧራና የወፍ ኩስ እሱ ውስጥ ነው። የቀረው ለልብስ ከጉድጓድ ውሃ ይበልጣል፤ ሳሙና ቶሎ ያረፋል። ለመጠጥ ሳይታከም አይሁን። ዓመቱን ሙሉ አያሳድራችሁም፤ በክረምት ግን የቦቴውን ወጪ ያስቀርላችኋል።

የምንጭ ውሃም እንዲሁ ነው። «ከድንጋይ የወጣ ንጹሕ ነው» ይባላል። ከምንጩ በላይ ቤትና ሽንት ቤት ካለ ንጹሕ አይደለም፣ ምንም ያህል ቢያበራ። አተት የጠራ በሚመስል ውሃም ይመጣል።

ኮምቦልቻ ለሆናችሁ

ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ትወርዳለች፤ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ሙቀቱ ሂሳቡን ይለውጠዋል። ሰው ብዙ ይጠቀማል፣ ስለዚህ በሰው 50 ሳይሆን 60 ሊትር አስሉ። ሮቶ ፀሐይ ላይ ከሆነ ቶሎ አረንጓዴ ያበቅላል፤ ብርሃን የማያሳልፍ ምረጡ፣ ጥላ ሥሩለት። ክፍት በርሜልም ትንኝ ይራባበታል። ከለዮሌና ከወርቃ ወንዞች ግን ለማጠቢያም ቢሆን አትቅዱ፤ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸው ናቸው። ቦርከናም ከዚያ የተሻለ ዕድል የለውም።

የምትጠጡት

በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ጀርም ለመግደል ይበቃል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የሚመከረው ከ2,000 ሜትር በታች 1 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ 3 ደቂቃ መንተክተክ ነው። ኮምቦልቻ 1፣ ደሴ 3። እናቴ «ገና ሞቀ እንጂ አልፈላም» የምትለው ነገር ለካ ሳይንስ ነበረው። ማፍላት ካልቻላችሁ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ፈሳሽ ጠብ አድርጉ፣ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው። ከዚያ 30 ደቂቃ ታገሡ። ቶሎ የሚጠጣ ሰው የሚጠጣው ሽታውን ብቻ ነው።

ሮቶውን በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ እጠቡ። ሊነጥፍ ሲል የቀረችውን ውሃ በታችኛው መውጫ ልቀቁ። በ10 ሊትር ባልዲ አንድ ብርጭቆ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና በጥብጣችሁ ግድግዳውን ፈትጉት፣ አለቅልቁት። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ካለ ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ ሌላ ሰውም ውጭ ይጠብቀው፤ የበረኪና ሽታ ራስ ያዞራል።

የእኔ ሮቶ አሁን መሬት ላይ ነው። ሐሙስ ሌሊት ፈረቃችን ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሲፏጭ እሰማዋለሁ። ያ ግፊት የለካሁበት ጎማ? ከታች ያለው ጎረቤቴ ተውሶ ወስዶታል። እስካሁን አልመለሰም።